የልጄ አዎታ

ሳህን አጥባለሁ እላለሁ እንጂ የሚታጠብ ሳህን አልነበረም። ልጄ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፗን ከፍታ ተቀምጣለች፤ እኔ ጀርባዬን ሰጥቻት፣ ውሃውን በቀጭኑ ከፍቼ፣ ንጹሕ ብርጭቆ እያለቀለቅሁ ጆሮዬን ወደ እሷ ጥያለሁ። ከላፕቶፑ ውስጥ አንድ ወጣት አስተማሪ ስለ ክፍልፋይ ይለፈልፋል። እኔ የምጠብቀው ግን የልጄን አዎታ ነበር።

ይህን አዎታ የማያውቅ የአገሬ ሰው የለም። ሰው ሲያወራን አፋችንን ከፈት አድርገን ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ሳብ የምናደርጋት ነገር ናት። ቃል አይደለችም፤ አዎ ማለት ግን ናት። ስልክ ላይ እንላታለን፣ ለቅሶ ቤት እንላታለን፣ ሐኪም ፊት ቁጭ ብለን እንላታለን፤ ማለታችንንም ልብ አንለውም። ልጄ ሚኒሶታ ተወልዳ፣ በአማርኛ ስናወራት በእንግሊዝኛ እየመለሰችልን ያደገች ናት። ይህቺን ትንፋሽ ግን ከአባቷ እንዳለች ወስዳታለች።

አባቷ ሒሳብ ያስተማራት በዚህችው ትንፋሽ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም። እሱ ይናገራል፣ እሷ ሳብ ታደርጋለች፤ እሱ ይቀጥላል፣ እሷ ደግሞ ሳብ ታደርጋለች። እኔ ከሌላ ክፍል ሆኜ ትምህርቱ መሄዱን የማውቀው በዚያ ነበር። እሱ ሲሞት የልጄ ሒሳብ ያለ አስተማሪ ቀረ፤ ምትክ መፈለጉ ደግሞ እኔ ላይ ወደቀ። እኔ ከማባዛት ያለፈውን ሒሳብ ከረሳሁት ብዙ ዘመኔ ነው። ስለዚህ ከቪዲዮ አስተማሪዎች መካከል አንዱን በማውቀው መንገድ፣ በጆሮዬ ልመርጥ ተነሣሁ።

ባለቤቴ አገር ቤት የሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ መምህር ነበር። እዚህ መጥተን ብሩክሊን ፓርክ ከሰፈርን በኋላ ሥራው መንዳት ሆነ፤ ሕመምተኞችን ከቤታቸው ክሊኒክ፣ ከክሊኒክ ቤታቸው ያመላልስ ነበር። መምህርነቱ ግን አልለቀቀውም። እሁድ ከአምልኮ በኋላ የቤተ ክርስቲያናችን ልጆች የቤት ሥራቸውን ይዘው ሲከቡት ምሳው ሲቀዘቅዝ አያስተውልም። እኔ ሳህኑን ይዤ ቆሜ ስቆጣ «መጣሁ፣ መጣሁ» ይለኛል፤ አይመጣም።

ልጃችን ስድስተኛ ክፍል እያለች ጥሩ ጥሩ ውጤት ይዛ ትመጣ ነበር። አንድ ቀን ምሳ ላይ ግማሽ ዳቦ አንሥቶ፣ እዚህ ውስጥ ስንት ሩብ አለ ብሎ ቢጠይቃት ካልኩሌተር ልታመጣ ተነሣች። ሰውዬው ያን ቀን ምግብ አልወረደለትም። የትምህርት ዓመቱ ሲያልቅ ከትምህርት ቤት አውጥተን ቤት እናስተምራት አለኝ። አብደሃል አልኩት። እዚህ ስንት ችግር ተሸክመን ደግሞ ትምህርት ቤት እንክፈት? አልኩት። ልጅቷ ግን ይህን ስትሰማ ፊቷ በራ። ምሳ ሰዓት ብቻዋን ትቀመጥ እንደነበር፣ አንዳንዴም መጸዳጃ ቤት ገብታ ደወል እስኪደወል ትጠብቅ እንደነበር የነገረችን ካወጣናት በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ እኔም አፌን ያዝኩ።

ንባቡንና ሳይንሱን ከቤተ መጻሕፍትና ከሌሎች ቤት ከሚያስተምሩ እናቶች ጋር እየተጋገዝን እናደርሰው ነበር። ሒሳቡ የእሱ ነው። ጠዋት ጠዋት ያስተምራታል፣ ከሰዓት ይነዳል። ሲያስተምር አይቀመጥም፤ ከምድጃው እስከ ሶፋው፣ ከሶፋው እስከ ምድጃው ይመላለሳል። እሷ ወንበሯ ላይ እግሯን አጣጥፋ በዐይኗ ትከተለዋለች። ሲቆም «ገባሽ?» ይላታል፤ ሳብ ታደርግለታለች። ያኔ ሁለቱን ሳያቸው በልቤ የምቀናው ነገር ነበረኝ፤ እኔ ሳወራት እንደዚያ አትሰማኝም።

ሕመሙ የሳንባ ነበር፤ ሳንባውን ቀስ በቀስ እያደረቀ የሚሄድ፣ ሐኪሞቹም ማዘግየት እንጂ ማዳን አንችልም ያሉት። መጀመሪያ ደረጃ መውጣት ከበደው፤ ከዚያ መንዳቱን ተወ፤ ከዚያ የኦክስጅን ማሽኑ መጣ። ማሽኑ ሳሎን ጥግ ቆሞ ሲያጉረመርም ይውላል፤ ከእሱ የሚወጣ ረጅም ቀጭን ቱቦ ባለቤቴ አፍንጫ ድረስ ይሄዳል። እሱም ቱቦውን እየጎተተ ከምድጃው እስከ ሶፋው መመላለሱን ቀጠለ። ሲያቅተው ሶፋው ላይ ሆኖ አስተማረ። ሶፋውም ሲያቅተው አልጋው ላይ ሆኖ።

ክሊኒክ የሄድንበት አንድ ቀን አይረሳኝም። ነርሷ ወጣት ናት፣ ጎበዝ፣ መድኃኒቱን እንዴት እንደሚወስድ ረጋ ብላ ታስረዳዋለች። ባለቤቴ እንደ ልማዱ ትንፋሹን ሳብ አድርጎ አዎ አላት። ነርሷ አየር ያጠረው መስሏት ክው አለች። ጣቱ ላይ የተሰካውን መለኪያ አየች፣ ኦክስጅኑን አየች፣ ደህና ነህ ወይ አለችው። እሱም ደህና ነኝ ለማለት ደግሞ ሳብ አደረገላት። ሌላ ነርስ ልትጠራ ስትነሣ እኔ መሃል ገብቼ ማስረዳት ነበረብኝ። መኪና ውስጥ ስንገባ ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነበት፤ ሳሉም አልቆም ብሎ ፈራን። ከዚያ በኋላ እንደዚያ ሲስቅ አልሰማሁትም።

በመጨረሻው ክረምት፣ በረዶው ደጃፋችንን ሞልቶት ሳለ፣ ትምህርቱ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ሁልጊዜ ክፍልፋይን ለክፍልፋይ ማካፈል ነው። ግማሽን ለሩብ ስናካፍል ለምን ሁለት ይሆናል? አንድ ቀን በዳቦ ያስረዳታል። በማግስቱ በብርቱካን። ደግሞ በሌላ ቀን፣ ግማሽ ታንክ ቤንዚን አለኝ፣ ለአንድ ደርሶ መልስ ሩብ ታንክ ይፈጅብኛል፣ ስንት ጊዜ ሄጄ እመጣለሁ ይላታል። ሁልጊዜ እንደ አዲስ ይጀምራል። እሷም ሁልጊዜ ሳብ፣ ሳብ ታደርግለታለች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ እሰማለሁ። አየር አንሶት ትናንት ያስተማረውን ዛሬ እየረሳው ነው ብዬ ደመደምኩ። ለታላቅ እህቱም ስልክ ደውዬ እንዲሁ አልኳቸው፤ ሁለታችንም በስልክ አለቀስን።

ሊሞት አካባቢ እጄን ይዞ ስለ ልጅቱ ያለኝ አጭር ነበር። አልጀብራ እስክትጀምር ቤት ትቆይ አለኝ። ከዚያ ትንፋሹን ሰብስቦ «ክፍልፋይ ላይ አትቸኩሉባት» አለ። የመጀመሪያውን አደራ ብዬ ተቀበልኩ። ሁለተኛውን ሕመሙ ያናገረው መሰለኝና ተውኩት።

በረዶው ሳይቀልጥ ቀበርነው። ጸደዩም በጋውም ሒሳብ የሚባል ነገር ሳይነሣ አለፈ። መስከረም ሲመጣ የእሱ ታላቅ እህት መጡ። ዉድበሪ ነው የሚኖሩት፤ ሥራ በምገባባቸው ቀናት ልጄ እሳቸው ጋ ትውላለች። ቀጥ ያሉ ሰው ናቸው፣ የሚያስቡትን ዙሪያ ጥምጥም አይሉትም። ወንድሜ እያለ እሺ፣ አሁን ግን ይህቺ ልጅ ትምህርት ቤት ትግባ፣ ሰው ትይ፣ ከስክሪን ጋር ምን ትማራለች አሉኝ። እኔ አደራ አለብኝ አልኳቸው። ልጄ ምግቧን ትታ ሁለታችንን በየተራ ታየናለች። ያ የትምህርት ቤት መጸዳጃ ቤት ፊቷ ላይ ተመልሶ ሲመጣ አየሁት። ብዙ ከተከራከርን በኋላ ተስማማን። እስከ ታንክስጊቪንግ፣ እስከ ኅዳሩ የምስጋና በዓል፣ የሚያስተምራት ቪዲዮ ፈልጌ ሒሳቧ ከተንቀሳቀሰ ቤት ትቆያለች፤ ካልተንቀሳቀሰ ከገና እረፍት በኋላ ትምህርት ቤት ትመለሳለች።

እንዲህ ያሉ የቪዲዮ ትምህርቶች ከመጀመራቸው በፊት ልጁ ከየት እንደሚጀምር የሚለይ መመዘኛ ይሰጣሉ። ልጄ ወሰደችው። ውጤቱ አባቷ ሳያስተምራት በፊት ወደነበረችበት መለሳት። ክፍልፋይ፣ ከሀ ብላ። ደሜ ፈላ። የሒሳብ መምህር በየቀኑ ቁጭ ብሎ ያስተማራትን ልጅ! ስልክ ደውዬ መመዘኛችሁ ተበላሽቷል አልኳቸው። ያነሣችው ወጣት በትሕትና፣ ልትደግመው ትችላለች አለችኝ። ሌላውን ድርጅት ሞከርን፤ ያው ነው። ለወዳጆቼ ስነግር ሁሉም ሐዘን ነው አሉኝ፣ ሐዘን ያስረሳል አሉኝ። እኔም በእሱ ተጽናናሁ። አባቷን በሰማችበት ጆሮ የሚገባላት አስተማሪ ካገኘሁ ሁሉም ተመልሶ ይመጣል አልኩ።

ሙከራው በነጻ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ስንሞክር ሰነበትን። የመጀመሪያው ያ ወጣት ነው። ኮፍያ ይቀያይራል፣ ሙዚቃ ያስገባል፣ ቁጥሮቹ ይጨፍራሉ። ሒሳብ ነው ወይስ ሰርግ? አልኳት ልጄን፤ ፈገግ አለች፣ ግን ትንፋሽ የለም። ሌላው ፊቱ እንኳ የማይታይ ሰውዬ ነው። ነጭ ወረቀት፣ አንድ እጅ፣ አንድ እስክሪብቶ፣ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ድምፅ። ገባችሁ ወይ አይል፣ አይዟችሁ አይል። እንኳን ልጅ እኔንም በቁሜ ሊያስተኛኝ ምንም አልቀረው። ልጄ ዝም ብላ ተቀመጠች። መሃል ላይ ሰውዬው ያንኑ ዓረፍተ ነገር ሲደጋግም ሰምቼ ኢንተርኔቱ ተንጠለጠለ ብዬ መስኮቱ ጋ ያለውን ሳጥን ነቅዬ ሰካሁት። አይሆንም፣ ይለፈን አልኩ።

ሴትየዋ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። በዕድሜ እኔን ታክላለች። ድምፅዋ ሞቅ ያለ፣ ዐይኗ ሰው የሚያይ። አንድ ነገር አስረድታ ቆም ትልና «ግልጽ ነው?» ትላለች፤ መልስ እንደምትጠብቅም ዝም ትላለች። ውሃው እየፈሰሰ፣ ብርጭቆው እጄ ላይ እንዳለ፣ ከኋላዬ ሰማኋት። ልጄ ትንፋሿን ሳብ አደረገች። ውሃውን ዘጋሁት። ሴትየዋ ቀጠለች፣ ቆመች፣ ጠየቀች፤ ልጄ ደግሞ ሳብ አደረገች። እንባዬ ብርጭቆው ውስጥ ገባ። ያንኑ ጠዋት ትምህርቷን ገዛሁት፤ ለባለቤቴ እህትም ደውዬ አስተማሪ ተገኘ አልኳቸው።

ሳምንታት አለፉ። ወጥ ቤታችን እንደ ድሮው ሆነ፤ ሴትየዋ ትናገራለች፣ ልጄ ሳብ ታደርጋለች። ከየትምህርቱ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ግን ስሕተት በስሕተት፣ ቀይ በቀይ ነው። መልሳ ትሠራዋለች፣ ደግሞ ቀይ ይሆናል። ስጠይቃት «ፋይን ነው» ትለኛለች። ምኑ ነው ፋይን? ብዬ ልቆጣ እልና አባት የሞተባት ልጅ ናት ብዬ እተወዋለሁ። ቅጠሉ ረገፈ፣ የመጀመሪያው በረዶ ወረደ። ክፍልፋይ ላይ እንደተቸከልን ነን።

እኔ የምሠራው ዉድበሪ አጠገብ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ነው። እዚያ አንዲት ሴትዮ አሉ፤ ወላጆቻቸው ከኖርዌይ መጥተው እዚህ ሚኒሶታ እርሻ ላይ ያሳደጓቸው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የወደድኳቸው በአንድ ነገር ነው። ሳወራቸው ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳብ አድርገው፣ አዎ ለማለት «ያ» ይሉኛል። መጀመሪያ ስሰማ ዞር ብዬ ከኋላዬ የአገሬ ሰው የገባ መስሎኝ ነበር። የእነሱም ሽማግሌዎች እንዲህ ይላሉ ለካ። ከዚያ ወዲህ ያለ ምክንያትም ገብቼ አወራቸዋለሁ።

ያን ቀን መንገዱ በበረዶ ተዘግቶ ልጃቸው መምጣት እንደማይችል ደውሎ ነበር። ልነግራቸው ገባሁ። እንዳይከፋቸው ብዬ አጠገባቸው ተቀምጬ፣ እጃቸውን ይዤ፣ ቀስ ብዬ አስረዳኋቸው። በረዶው እንዲህ ነው፣ ልጅዎ በጣም አዝኗል፣ መንገዱ ሲከፈት ይመጣል። በየመሃሉ ሳብ እያደረጉ «ያ፣ ያ» አሉኝ፤ እጄንም መታ መታ አደረጉልኝ። ተነሥቼ በሩ ጋ ስደርስ ሰማያዊውን ሹራቤን አልብሽኝ፣ ልጄ ሊመጣ ነው አሉ። ዞር ስል የጆሮ መስሚያቸው ከነሳጥኑ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። አንድ ቃል አልሰሙም። መስሚያውን ጆሯቸው ላይ አድርጌላቸው፣ ታዲያ ለምን አዎ አዎ አሉኝ? አልኳቸው።

«እንደዚያ ተጨንቀሽ ስታስረጂኝ አልሰማሁሽም ማለት ከበደኝ» አሉኝ።

ሹራቡን እንደያዝኩ ቆምኩ። የሴትየዋ ድምፅ ትዝ አለኝ፣ የልጄ ቀይ በቀይ ጥያቄ ትዝ አለኝ። ከዚያ ደግሞ አልጋው፣ ቱቦው፣ ዳቦው፣ ብርቱካኑ። የቀረውን ሰዓት እንዴት እንደሠራሁ አላውቅም።

ከሥራ ስወጣ ልጄን ከአክስቷ ቤት አንሥቼ ወደ ቤት ጉዞ ጀመርን። መንገዱ ነጭ ነው፣ መኪናው ሁሉ ይሳባል። መኪና ውስጥ ፊት ለፊት ስለማንተያይ ከባድ ነገር ለማውራት ይቀለኛል። በአማርኛ ጠየቅኳት።

«አባዬ ሲያስተምርሽ ይገባሽ ነበር?»

መጥረጊያው መስታወቱን ይጠርጋል። ከዚያ በእንግሊዝኛ ጀመረች። መጀመሪያ ይገባኝ ነበር አለች። ማሽኑ ሳይመጣ በፊት። ካልገባኝ እጠይቀዋለሁ፣ ይደግምልኛል፣ ደስ ይለው ነበር። በኋላ ግን ሲደግምልኝ ያስለው ጀመር። አንድ ቀን ሁለት ጊዜ አስደገምኩት፣ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆነ አለች። ከዚያ ወዲያ አልጠየቅኩትም። ይህን ሁሉ መስኮቱን እያየች ነው የምትነግረኝ። መጨረሻ ላይ ወደ እኔ ዞረችና በአማርኛ አለችኝ።

«ትንፋሹ እንዳያልቅበት ነው፣ እማዬ።»

መንዳት አቃተኝ። ከሀይዌዩ ወጥቼ አንድ ቤንዚን ማደያ ጥግ መኪናውን አቆምኩ። የዚያን ሁሉ ክረምት አዎታ ሰምቼ ትምህርት ነው ብዬ ተደስቻለሁ። ልጄ ብቻዋን ነገሩን ይዛ፣ አባቷ ሳይታወቀው፣ እኔ ሳይታወቀኝ፣ በየቀኑ እስትንፋስ ስትቆጥብለት ከርማለች። በራሴ ላይ ብቻ ሳይሆን በሁሉም ነገር ላይ ተናደድኩ፤ በሳንባው፣ በማሽኑ፣ በክፍልፋዩ። እሷ እየተንሰቀሰቀች አባዬን ዋሸሁት፣ የማውቅ መስሎት ሞተ አለች።

እዚህ ላይ ነው ያ ንግግሩ የመጣልኝ። ክፍልፋይ ላይ አትቸኩሉባት። ሕመም ያናገረው አልነበረም። ዳቦውም፣ ብርቱካኑም፣ ቤንዚኑም መርሳት አልነበረም። ሃያ ዓመት ሙሉ የልጆች ፊት ሲያነብ የኖረ መምህር የገዛ ልጁን ፊት ማንበብ እንዴት ያቅተዋል? አልገባትም። አልገባኝም እንደማትለውም ያውቃል፤ ለምን እንደማትለውም ያውቃል። ስለዚህ ሳትጠይቀው እየደገመላት ነበር። እንደ ረሳ እየሆነ።

ይህንኑ እንደመጣልኝ ነገርኳት። ያውቅ ነበር አልኳት። እንዴት አወቅሽ አለችኝ። የሚያልፍ ቢሆን ያልፍ ነበር፤ ያን ሁሉ ክረምት አንድ ትምህርት ላይ ለምን ቆመ? አልኳት። ለእኔም አትቸኩሉባት ብሎኝ ነበር፣ ያልገባኝ እኔ ነኝ አልኳት። ልጄ እጆቿን ፊቷ ላይ አድርጋ እንደ ሕፃን አለቀሰች። በቀብሩ ቀን ያላለቀሰችውን ነው። እኔም አላባበልኳትም፤ አብሬያት አለቀስኩ። አጠገባችን ቤንዚን የሚቀዳ ሰውዬ በመስኮት አየት አድርጎን ዐይኑን መለሰ።

ሲወጣላት ከየትኛው አስተማሪ ጋር ብትጀምር እንደምትወድ ጠየቅኳት። ያንን እጁ ብቻ የሚታየውን ሰውዬ አለች። ያንን የሚያስተኛውን? አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። ገባሽ ወይ አይለኝም አለች። ወደ ኋላ ብመልሰው አይደክመውም።

በማግስቱ ሴትየዋን ትተን ሰውዬውን ገዛን። ወጥ ቤታችን ፀጥ አለ። ሰውዬው አንድ ነገር ይናገራል፤ ልጄ ታቆመዋለች፣ ትመልሰዋለች፤ ያንኑ ይናገራል። ደግሞ ታቆመዋለች፣ ደግሞ ትመልሰዋለች። ትንፋሽ የለም፣ አዎታ የለም። አንዳንዴ ለራሷ በአማርኛ «አልገባኝም» ስትል እሰማለሁ። እኔ ብርጭቆ ማለቅለቁን ትቼ አጠገቧ ቁጭ ማለት ጀመርኩ።

ታንክስጊቪንግ ደረሰ። የእሱ እህት ድፎ ዳቦ ይዘው መጡ፤ ምግቡ ከፍ ካለ በኋላ ሒሳቡስ የት ደረሰ? አሉ። ልጄ ክፍልፋይ አለች። እሳቸው ዐይናቸውን ወደ እኔ አዞሩ፤ ምን ለማለት እንደሆነ ገባኝ። አፌን ስከፍት ልጄ ተነሥታ ከዳቦው ግማሹን ቆርጣ አመጣችና አክስቷ ፊት አስቀመጠችው። ማስረዳት ጀመረች፤ ግማሹን በእንግሊዝኛ፣ ግማሹን በአማርኛ፣ ቆማ፣ ከምድጃው እስከ ጠረጴዛው እየተመላለሰች። ግማሽን ለሩብ ማካፈል ማለት፣ እዚህ ግማሽ ውስጥ ስንት ሩብ አለ ማለት ነው። ለዚህ ነው ሲካፈል የሚበዛው አለች። እህቱ የሚያዩት ዳቦውን አልነበረም፤ አረማመዷን ነበር። ልጄ ቆም ብላ ገባሽ? አለቻቸው፤ እዚህ እንዳደጉ ልጆች ሁሉ አክስቷን አንቺ ነው የምትለው። እህቱ ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳብ አደረጉ።

ልጄ አልቀጠለችም። ቢላዋውን አስቀመጠች፣ ወንበር ስባ ከአክስቷ ፊት ተቀመጠች፣ እጃቸውን ያዘች።

«አክስቴ፣ ካልገባሽ አልገባኝም በይኝ። እደግምልሻለሁ። አይደክመኝም።»

እህቱ እኔን አዩኝ። እኔ ስላላገዝኳቸው ተመልሰው እሷን አዩ።

«አልገባኝም» አሉ።

ልጄ ተነሥታ ሌላ ግማሽ ዳቦ ቆረጠች። የትምህርት ቤቱን ነገር ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም አላነሣውም።